ዋዛውን የከፈትኩበት ጠዋት

ጥርስ ያለው ሰው ጥርስ እንዳለው ትዝ አይለውም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አማርኛውንም ያስለመዱኝ ሰፋሪ ጎረቤቶቼ ናቸው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንቀራፈፍባችሁ ታገሡኝ። የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ግን ቀኑ እንዲገባችሁ ያኔ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ።

በርታ ነኝ። ስሜ ናስር ይባላል። መንደሬ ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ማሽላ አርሳለሁ፤ ጥቂት የማንጎ ዛፎችም አሉኝ። ከዚያ ሌላ ዋዛ ነፊ ነበርኩ። ዋዛ በአማርኛ ቀልድ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእኛ ግን ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው። ቅል በቅል ላይ እየተገጠመ ይረዝማል። አንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሌላው ክንድ አያህልም። እያንዳንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዘፈን የሚሆነው ሁላችንም ተራችንን ጠብቀን ድምፃችንን ስንጥል ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዘፈኑ ያነክሳል።

ክልሉ ገና አዲስ ሳለ አሶሳ ላይ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ቡድናችን ይጠራ ነበር። ደስ ይለን ነበር። የላይ ጥርሶቼ መነቃነቅ የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። ድዴ እየደማ እኔ ዝም አልኩ፤ ጥርሶቼም አንድ በአንድ ወለቁ። የቀሩትን ነቅለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሩልኝ፤ ማታ የሚወልቅ፣ ጠዋት የሚገባ። መጀመሪያ ደህና ይዞኝ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን እየላላ ሄደ።

አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ባለሥልጣናቱ ከፊት ተቀምጠው ስንጫወት፣ ትንፋሼን ስለቀው ጥርሴ ከአፌ ወጥቶ መድረኩ ላይ ወደቀ። ወድቆም አልቀረም፤ እየተንሸራተተ እስከ መጀመሪያው ረድፍ ወረደ። ይመር የሚባል የወሎ ሰፋሪ ጎረቤት አለኝ። እኛ ስንጫወት ሁልጊዜ ከጎኔ ቆሞ የሚያጨበጭብ፣ ተራዬ ሲደርስ ከንፈሩን ከእኔ ጋር የሚያሞጠሙጥ ሰው ነው። ስንወጣ ሆዱን ይዞ፣

“አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህ እንኳ ከባለሥልጣን ጋር ሊጨባበጥ ሄደ!” አለኝ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲያ ጥርሱን አውጥቼ በድዴ ብቻ መንፋት ጀመርኩ። የላይ ከንፈሬ ወደ ውስጥ እየገባ ድምፄ ከዓመት ዓመት ሳሳ።

ብዙ ቆይቶ፣ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ሐዋ መጥታ ወሰደችኝና አንድ የመንጋጋ ሐኪም ዘንድ አቀረበችኝ። ሐኪሙ የአፌን ፎቶ በመብራት ላይ አሳየኝ።

“አባባ፣ ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይሟሽሻል። የእርስዎ የላይ መንጋጋ በኋላ በኩል እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ከበላዩ ያለው ይህ ጥቁሩ ባዶ ጓዳ ነው፤ አየር ብቻ ነው ያለበት፤ ከአፍንጫዎ ጋር ይገናኛል። አጥንት ውስጥ ብሎን ተክለን ጥርስ እናስርበታለን እንዳልል፣ ብሎኑን የሚይዝልኝ አጥንት የለም።”

“ታዲያ ምንም አይደረግለትም?” አለች ሐዋ።

“ይደረጋል። ሌላ የሚወልቅ ጥርስ በደንብ አስተካክለን መሥራት እንችላለን፤ ቢላላም ለመብላት ይሆናቸዋል። ወይም የጓዳውን ወለል ትንሽ ከፍ አድርገን የአጥንት ዱቄት እንሞላለን፤ ወራት ጠብቀን አጥንት ሆኖ ሲጠነክር ብሎኑን እንተክልበታለን። ሳይጠበቅ የሚሠራም አለ፤ ረጅም ብሎን በመንጋጋው አልፎ የጉንጭ አጥንት ላይ ይያዛል። እሱ ግን ለዓይን የቀረበ ሥራ ነው፤ እኔ አልሠራውም፤ ወደሚሠሩት ነው የምልክዎት።”

“የትኛው ነው ዋዛ የሚያስነፋኝ?” አልኩት።

ሐዋ ምን እንደሆነ አስረዳችው። ፈገግ አለ። “ማንም አይምልልዎትም አባባ። ግን ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ጥርስ ከፈለጉ፣ እኔ አጥንቱን እንሙላ ነው የምለው።”

ተሞላልኝ፤ በግራም በቀኝም። ስወጣ እየደጋገመ መከረኝ። አፍንጫዎን እንዳይናፈጡ። ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ፤ አፍነው እንዳይዙት። ጥሩምባ መጫወት እኔ እስክፈቅድልዎ ድረስ ፈጽሞ የለም። እሺ ብዬ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ቀኑ መጣሁ።

ማሽላው ተሰብስቧል። ሣሩ ደርቋል፤ በየኮረብታው እሳት ተለቋል፤ ሰማዩ ጭስ ብቻ ነው። ዋዛዎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ሃሚድ በሚባለው የቡድናችን ጠባቂ ቤት ተሰቅለው ነው። አዝመራ ሲገባ ይወርዳሉ። በወረዱበት ጠዋት እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ዋዛ በአንድ ትንፋሽ ይከፍታል። ሁሉም ሳይከፈት ማንም አይጀምርም። ባለቤቱ በሕይወት ካለና መንደር ውስጥ ከሆነ፣ ዋዛውን ሌላ ሰው አፉ ላይ አያደርገውም። በእኛ መንደር ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ከጎረቤት መንደሮች ሰው መጥቷል። ሴቶቹ ገንፎ አገንፍተዋል። የእኔ ዋዛ ብቻ ሳይከፈት ቀረ። ሃሚድ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

“ያ ናስር፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?”

“እንዳትጫወት ብሎኛል።”

“ታዲያ ማን ተጫወት አለህ? ክፈትልን ነው ያልንህ። መክፈት መጫወት ነው እንዴ?”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ልክ እንደ ፍርድ ቤት ክርክር ተያዘ። አንዱ “ዘፈን ከሌለ ጨዋታ የለም” አለ። ሌላው “አንድ ትንፋሽ ሰው ሲያዛጋም ያወጣዋል” አለ። ሁሉም ተስማሙ፤ መክፈት መጫወት አይደለም። እኔም ከልቤ አመንኩ። አታላግጡብኝ፤ በእኛ ዘንድ ሁለቱ በእውነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪሙ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ለብቻው ይከለክለኝ ነበር። ግን ከየት ያውቃል?

ባለቤቴ አሻ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣች። “እናንተ ሰዎች፣ አጥንቱ የዋዛን ሥርዓት ያውቃል?” አለች።

ዋዛውን አነሣሁ። ከንፈሬን ገጠምኩ። አንድ ትንፋሽ፣ ረጅም፣ ከሆዴ።

ድምፁ ወጣ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን በቀኝ ጉንጬ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የመሰለ ነገር ሰማሁ። ትንፋሼ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ግማሹ በዋዛው ሄደ፣ ግማሹ በአፍንጫዬ አፏጨ። ዋዛውን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ ላይ ሙቅ ነገር ወረደ፤ ጨው ጨው ይላል።

“ምነው?” አለኝ ይመር።

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ደም በአፍንጫዬ መጣ።

እልልታው ቆመ። አሻ ሮጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ጉንጬ እያየችው እየተነፋ ነበር፤ ወደ ዓይኔ ይወጣል። በጣቷ ስትነካው ከቆዳዬ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ደረቅ ሣር ሲረገጥ እንደሚለው። እጇን እንደተቃጠለች ሰው መለሰች።

“ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ቢስሚላህ! ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ!”

አንዷ ሴት ጂን ነው አለች። ሃሚድ እንደ ሐውልት ቆመ። ይመር ብቻ ወደ መንገዱ ሮጠ። ከሸርቆሌ የሚመጣ ሚኒባስ ነበር። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ።

“ሞልቷል!” አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

“ሞልቶ ከሆነ እኔን ገጭተህ እለፍ!”

ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ሰጡን። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ አሻ መሀል፣ ይመር በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሄድን። የቀኝ ዓይኔ ጠቦ ስንጥቅ መስሏል። ሐኪሙ ለዓይን የቀረበ ነው ያለው ሥራ ለእኔ የተሠራው እንዳልሆነ ረሳሁት፤ ዓይኔ ጠፋ ብዬ አሰብኩ። ደሙን ወደ ውጭ ልናፈጥ ስል ምክሩ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ጥቂት እንደሄድን ሚኒባሱ ቆመ። እሳቱ መንገዱን ተሻግሮ በሁለት ወገን ይነዳል። ጭሱ ከፊታችን እንደ ግድግዳ ቆሟል።

“እስኪበርድ እንጠብቅ” አለ ሾፌሩ።

“መስኮት ዝጉ!” አለ ይመር። የእኔ መስኮት መዝጊያው ተሰብሯል። ጭሱ ገባ። አፍንጫዬ ውስጥ መኮርኮር ጀመረ። ማስነጠስ መጣብኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ነገር የለም። አሻ አውራ ጣቷን ከአፍንጫዬ ሥር አድርጋ ተጫነች። ሄደ ስል ተመለሰ። እንባዬ ወረደ። አፍኜ ላስቀረው ከንፈሬን ነከስኩ።

“አታፍነው!” ብሎ ጮኸ ይመር። “አፍህን ክፈት ነው ያለው ሐኪምህ! ራስህ አልነበርክ የነገርከኝ? ክፈት! እንደ ጅብ ክፈተው!”

ከፈትኩት። ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። መዳፌ ላይ ከደሙ ጋር ነጫጭ ደቃቅ ነገሮች ነበሩ፤ እንደ ደረቅ ጨው። እኔና አሻ አወቅናቸው። ወራት ጠብቆ መንጋጋዬ ሊሆን የነበረው አጥንት ነው።

አሻ አልጮኸችም። የሻሿን ጫፍ ፈታ ከመዳፌ ላይ እያነሣች ቋጠረቻቸው።

“ምን ያደርግልሻል?” አልኳት።

“አሶሳ ያለችው ዶክተር መልሳ ታስገባልሃለች።”

እሳቱ ሲበርድ ሾፌሩ ማንንም ሳያወርድና ሳይጭን እስከ ሆስፒታሉ በር አደረሰን። ደግ ሰው ነበር።

አሶሳ ያለችው የጥርስ ሐኪም ሰብለ ትባላለች፤ ከመሀል አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ቁስሌን እያየች የምትከታተለኝ እሷ ነበረች። ፊቴን እንዳየች ከወንበሯ ብድግ አለች።

“አባባ! ምን ነካዎት? ወደቁ እንዴ?”

“ዋዛ ከፈትኩ።”

“ምን ከፈቱ?”

ይመር አስረዳት። ሰማችው፤ አልተቆጣችም። ጉንጬን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

“ይህ የሚንኮሻኮሸው አየር ነው። በተቀደደው በኩል ከቆዳዎ ሥር ገብቶ ነው። በራሱ ይጠፋል። በዚህ ዓይንዎ ስንት ጣት ይታይዎታል?”

“ሁለት።”

“ጥሩ። እኔን አይዩ፤ ቀጥ ብለው ይዩ። አሁንስ?”

“አንድ።”

እፎይ ስትል ሰማኋት። አሻ የሻሿን ቋጠሮ ፈታ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

“ዶክተር፣ ይሄ የሱ አጥንት ነው። አልጣልኩም። አስገቢለት።”

ሰብለ ቋጠሮውን አየች። ተቀበለቻትና ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። “እናቴ፣ ይሄ ከአሁን በኋላ አይሆንም። ቆሽሿል። አንቺ ግን ደግ አድርገሻል” አለቻት። አሻ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሰብለ ለአዲስ አበባው ሐኪም ደወለች። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወለች። ወደ ግቢው ወጥታ ስልኩን ከፍ አድርጋ ስትዞር በመስኮት አያታለሁ። እኔ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይኔ እንዳለ ካወቅኩ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ስትመለስ የሐኪሙ ድምፅ ከስልኩ ይሰማ ነበር።

“አባባ፣ ዶክተር ሰብለ ታየዎታለች። ግራው እንዴት ነው?”

አፌን ከፍታ በመብራት አየች። በግራ በኩል በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። “ግራው ስፌቱ አልተነካም። ዝግ ነው።”

“ቀኙስ?”

ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ አስገባች። “በጣም በቀስታ ይተንፍሱ አባባ። በአፍንጫ።” ተነፈስኩ። መስታወቱን አወጣችና ብርሃን ላይ ያዘችው። ጉም ለብሷል። አፌ ውስጥ ደሙ አረፋ ሲሠራ ለራሴም ይሰማኝ ነበር።

“ቀዳዳው ወደ ጓዳው ያልፋል” አለች። “የተሞላው አብዛኛው ወጥቷል።”

ስልኩ ውስጥ ሐኪሙ ቀጠለ። “እንግዲህ የቀረውንም አውጥተሽ እጠቢው። ከጉንጩ ውስጥ ስብ ጎትተሽ ሸፍኚና ዝጊው። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሩ። የቀኙ አጥንት ቀርቷል አባባ። ይቅርታ።”

“ዋዛዬስ?” አልኩ። ቃሉ በደም ውስጥ ተንቦጫረቀ፤ ግን ሰማኝ።

“ሲድን ቀኙን እንደገና መሙላት ይቻላል። ያም ካልሆነ በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያዘው አለ፤ የነገርኩዎት። ግን ጓዳው አንድ ጊዜ ተቀዷል። በየዓመቱ በዚያ ጉልበት ሲነፉበት እንደማይቀደድ ማረጋገጫ አልሰጥዎትም። በእኔ በኩል፣ ግራው ሲጠነክር እዚያና ፊት ለፊት ባለችው አጥንት ላይ ብሎን ተክለን፣ ጥርሱን እንደ ልብስ ቁልፍ እናጣብቅልዎታለን። ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ። አይነፉም።”

አሻ እጄን ይዛ ነበር። ምርጫውን ለእኔ ተወችልኝ።

“እበላለሁ፣ እናገራለሁ” አልኩ።

ሰብለ ድዴን አደንዝዛ ሥራዋን ጀመረች። አያምም፤ ግን ሁሉም ይሰማል፤ ውኃው ሲገባ፣ ሲፋቅ፣ ክር ሲያልፍ። ዓይኖቼን ጨፍኜ የዘፈኑን ተራ ቆጠርኩ። ተራዬ ሲደርስ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሃሚድ መጣ። ጫማው አመድ ለብሷል። ከአልጋዬ አጠገብ ቆሞ ለመቀመጥ እንኳ አልደፈረም።

“ያ ናስር፣ አላህ ይማርህ። በድለንሃል።”

“ተዘፈነ?” ብዬ በምልክት ጠየቅኩት።

“እንዴት ይዘፈን? ሞከርን። አነከሰ። ሰዉ ገንፎውን በልቶ ተቀምጧል።”

ይመር በመስኮቱ አጠገብ ነበር። ጣቴን ወደ እሱ ዘረጋሁ። ሃሚድ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደነገጠ።

“ይመር? እሱኮ…” አለና ቆመ። ሰፋሪ ነው ሊል ነበር። ይመርም ያውቀዋል።

“ኧረ እኔ አልችልም” አለ ይመር። “ማጨብጨብ ሌላ፣ መንፋት ሌላ።”

“ወላሂ” አልኩ፤ አፌ ደንዝዞ ቃሉ ተንጋደደ፤ “ወላሂ ተራዬን ከእኔ እኩል ያውቃል።”

ሃሚድ ራሱን ነቀነቀ። “እሱስ ይሁን። ግን ሥርዓቱ? አንተ በሕይወት አለህ። መንደር ውስጥ ያለ ባለቤት…”

“አሁን የት ነኝ?” አልኩት።

ሃሚድ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ፤ አልጋውን፣ መስኮቱን፣ ከውጭ የሚያልፈውን ባጃጅ። ጠዋት እኔን ያስነፋኝ ክርክር ምን ያህል ረጅም እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ይህኛው ግን አንዲት ቃል አልፈጀም። የይመርን ክንድ ይዞ ወደ መንደር ወሰደው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ቁስሉ ዳነ፤ የግራው አጥንት ጠነከረ፤ ሐኪሙም እንዳለው ጥርሴን ቆለፈልኝ። ዛሬ ማሽላ እሸት እግጣለሁ። ቀኙ ባዶ ጓዳ እንደሆነ ቀርቷል፤ እኔም ሳልነካው መኖር ለምጃለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ሐኪም አንድ ነገር ሲከለክላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ያ ነገር ስንት ስም እንዳለው ጠይቁ። ሐኪሜ አጥንቴን አወቀ እንጂ መንደሬን አላወቀም። መንደሬን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ መንገር የነበረብኝም እኔው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ስሄድ ከሕመሜ በፊት ስለ ሥራዬ እናገራለሁ፤ ቢያስረዝምባቸውም ይሰሙኛል።

ዋዛው አሁን የይመር ነው፤ ግን እኔ እስካለሁ ድረስ እኔ መንደር ውስጥ ሆኜ እሱ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ዋዛዎቹ በሚወርዱበት ጠዋት ማልጄ እነሣለሁ። አሻ ጋቢዬን ትሰጠኛለች። ከመንደራችን ዳርቻ ያለውን ጅረት እሻገርና ማዶ ካለ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ መመለሱን ሥርዓቱ አይከለክለኝም።

በመጀመሪያው ዓመት ልቤ እያለቀሰ ነበር የሄድኩት። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ዋዛዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። የእኔ ድምፅ ወጣ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቆመ። ዘፈኑም ተጀመረ። እዚያ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስነፋ የምሰማው የራሴን ድምፅና ግራ ቀኜ ያሉትን ነበር፤ ተራዬ እንዳያልፈኝ ስጠብቅ ሌላው አይሰማኝም። ያን ቀን ጅረቱን ተሻግሮ የመጣው ሙሉው ነበር። ስንት ዓመት የነፋሁትን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

እስኪያልቅ አልጠበቅኩም። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ውኃውን ወደ መንደሬ ተሻገርኩ።